ከአባ ሙሴ በዓት የታየው ጭስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐሜተኛ ጎረቤት ያለበት ክርስቲያን ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ በሳሪስ አቦ ሰፈር ለምንኖር ግን ቀላል አይደለም። አንድ ግቢ ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ በሆነበት፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሳል በሚሰማበት ኑሮ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ማን ከማን ጋር በር ላይ እንደ ቆመ፣ በማን ቤት ምን እንደ ተሠራ ሳይፈልጉም ይታወቃል። መተዋወቁ ብቻውን ክፉ ነገር አይደለም። ሌሊት ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው ይኸው የሚያውቀን ጎረቤት ነው። ክፋቱ የሚጀምረው ጠዋት የታየው ነገር ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ሲነሣ ነው።

ሐሜት የሴቶች የቡና ላይ ወሬ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ሐሜት በጠላ ቤትም፣ በታክሲ ሰልፍም፣ መዝሙር ጥናት ካለቀ በኋላ በዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም ይታማል። ጉዳቱም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ሲላክ ስለ ጠባይዋ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው፤ እዚያ ላይ የተጣለች አንዲት ቃል ትዳር ታስቀራለች። በአገራችንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን፣ ከጎረቤት አንደበት የወጣ ወሬ ሰውን ከቤቱ አስወስዶ ሳይመለስ እንዲቀር እስከ ማድረግ ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ልናየው አንችልም።

መልሱን ፍለጋ የአንድ ታላቅ አባት ሕይወት መረጥን። እርሱም አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ወንበዴ እንደ ነበረና በንስሓ እንደ ተመለሰ ነው። ጎረቤቶቹ እንዳሙት ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

አባ ሙሴ የኖረው በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ነው። ጸሊም ማለት ጥቁር ማለት ሲሆን፣ በገዳሙ ከነበሩት በመልኩ ይለይ ስለ ነበር የወጣለት ስም ነው። የግብፅን ገዳማት የጎበኘውና የመነኮሳቱን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ420 ገደማ የጻፈው ጰላድዮስ፣ ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይመሰክራል። በዚያን ጊዜ በግሪክ ቋንቋ ኢትዮጵያዊ የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነበርና፣ መንደሩ ዛሬ በየትኛው አገር ይውላል ብሎ መከራከር ለያዝነው ነገር አይጠቅምም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ልጇ ታከብረዋለች፤ ይህ ይበቃናል።

በወጣትነቱ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር። ጌታው ስለ ስርቆቱና ስለ ክፉ ጠባዩ ከቤት አባረረው። ከዚያ በኋላ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ለማወቅ አንዲቱን ታሪክ ብቻ እንንገራችሁ። አንድ ሌሊት ሊሰርቅ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሻ ጮኸና አሰናከለው። ሙሴም በእረኛው ቂም ያዘ። እረኛው ከዐባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ቆፍሮ ተደበቀና ዳነ። ሙሴ እርሱን ቢያጣ ከመንጋው አራት ሙክቶች መርጦ አረደ፤ በገመድ አያይዞም ያንኑ ወንዝ እየዋኘ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን ሽጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት። በአንድ ውሻ ጩኸት የተነሣ ይህን ያህል የሚበቀል ሰው ነበር። ይህን አስታውሱልን፤ በኋላ ሰዎች ሲናገሩበት ዝም ያለው ይኸው ሰው ነውና።

እንዴት እንደ ተመለሰ ሲተረክ፣ እውነተኛውን አምላክ የሚያውቁ በበረሃ የሚኖሩ መነኮሳት እንዳሉ ሰምቶ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ ገዳመ አስቄጥስ እንደ ሄደ ይነገራል። አባ ኤስድሮስ የተባለው ካህን ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ ነገር ግን ተቀበለው፤ አስተማረውም። የቀደመው ልማዱ ቶሎ አልለቀቀውም። ለብዙ ዘመን በሐሳብ ተዋግቷል። ሥጋውን ለማድከምም ሌሊት ሌሊት እየተነሣ፣ ውኃ መቅዳት ያቃታቸውን የሽማግሌዎች መነኮሳት ማሰሮ ማንም ሳያየው እየሞላ ይመለስ ነበር። ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁ እንደ ነበር ከጰላድዮስ ጽሑፍ እንረዳለን። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሲነሡ ማሰሯቸው ሞልቶ ያገኙታል። ጎረቤት ሳያውቅ ለጎረቤት የሚደረግ ነገር እንዲህም ያለ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ።

በአንድ ወቅት በአስቄጥስ ለመነኮሳቱ ሁሉ የአንድ ሳምንት ጾም ታዘዘ። በዚያ ሳምንት ከግብፅ ከተሞች በኩል ወንድሞች አባ ሙሴን ሊጠይቁ መጡ። በረሃውን አቋርጠው ደክመው የመጡ እንግዶች ናቸው። አባ ሙሴ እሳት አነደደና ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። በበረሃ ጭስ አይደበቅም። በዙሪያው ባሉ በዓቶች የሚኖሩት ጎረቤቶቹ ጭሱን አዩ፤ አይተውም ወደ ካህናቱ ሄደው ሙሴ የአበውን ትእዛዝ ሽሮ በበዓቱ ምግብ እያበሰለ መሆኑን ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። እነዚህ ጎረቤቶች ሐሰት አልተናገሩም። ጭሱ በእርግጥ ነበረ። እሳቱም ነበረ። ትእዛዙም ተላልፏል። ሐሜት ማለት ውሸት ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች ስላሉ ይህን ደጋግመን ልንናገረው ይገባል፤ ሐሜተኛ ሁልጊዜ አይዋሽም። ያየውን ይናገራል፤ ነገር ግን ያየው ጭሱን ነው። ከጭሱ በታች የተቀመጡትን የደከሙ እንግዶች አላየም። ሊያይም ይችል ነበር፤ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ በሩን ቢያንኳኳ ነገሩ ባለቀ ነበር። እነዚያ መነኮሳት ግን የአባ ሙሴን በር ከማንኳኳት ወደ ካህናቱ መሄድን መረጡ።

ይህ ነገር ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም ከአንድ ቤት የቅቤ ሽታ ሲመጣ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም ያዘዘለት በሽተኛ በዚያ ቤት ሊኖር ይችላል። አራስ ልትኖር ትችላለች። ምግቡ ገና ለመጾም ላልደረሰ ሕፃን የተሠራ ሊሆን ይችላል። ወሬው ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ቤቱ ጾም ሻረ ተብሎ ያድራል። በማግስቱም ያች ቤት እመቤት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰው በጎን ያያታል።

አባ ሙሴስ ምን አደረገ? በታሪኩ ውስጥ አንድም የመልስ ቃል ተጽፎለት አናገኝም። ከሳሾቹን አልጠራም። ስለ እንግዶቹ ሊያስረዳ ወደ ካህናቱ አልሮጠም። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ይመስለናል። እሳት ሲያነድ ጭሱ እንደሚታይ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ እንግዶቹን በረኀብ አላሳደራቸውም። በሐሜት ምክንያት ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ የከፋው ይህ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤትን አፍ ፈርቶ መልካም ሥራን መተው። የታመመች ጎረቤቱን ለመጠየቅ የሚፈራ ወጣት አለ፤ ሰው ሌላ ይለዋልና። ለተቸገረ መስጠት የምትፈራ እኅት አለች፤ ገንዘቡን ከየት አመጣችው ትባላለችና። አባ ሙሴ እሳቱን አላጠፋም።

የካህናቱን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ለእኛ ከአባ ሙሴ ዝምታ የማይተናነስ ትምህርት የምናገኘው ከእነርሱ ነው። ክሱ በደረሳቸው ጊዜ ከከሳሾቹ ጋር ቁጭ ብለው ነገሩን አላራገቡትም። ሰውየው ሲመጣ እነርሱ ራሳቸው እንደሚያነጋግሩት ነግረው አሰናበቷቸው። የአስቄጥስ መነኮሳት በየቅዳሜውና በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ይሰበሰቡ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስም ካህናቱ ኑሮውን ያውቁ ነበርና፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት አባ ሙሴ የሰዎችን ትእዛዝ ቢተላለፍም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ፈጸመ መሰከሩለት። ክሱ የመጣው በስውር ነበር፤ ምስክርነቱ ግን የተሰጠው በጉባኤ መካከል፣ ከሳሾቹም ሊሰሙት በሚችሉበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ ሐሜተኛ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ጆሮ ያስፈልገዋል። ጆሮው እንደ አስቄጥስ ካህናት ከሆነ ወሬው እዚያው ይቆማል። ስለዚህ አንዳንድ ወንድሞች ዝምታ ሐሜተኛን ያባብሳል ሲሉ ከፊሉን እንስማማለን። የአባ ሙሴ ዝምታ ያማረው እውነትን የሚናገሩ አባቶች ስለ ነበሩ ጭምር ነው። የአንዲት እኅት ስም በሐሰት ሲጠፋ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ ዝም ቢል፣ ይህን የአባ ሙሴን ትዕግሥት መከተል ልንለው አንችልም። ዝም ማለት ለታማው ሰው ተጋድሎ ሊሆን ይችላል፤ ለሰሚው ግን አይሆንም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የበደለንን ወንድም መጀመሪያ ብቻውን፣ ካልሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን እንድናነጋግረው አዝዟል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ በቡና ላይ ማውራት የሚባል ደረጃ የለም።

አባ ሙሴ ከዚህ የሚበልጥ ቃልም ተሰንዝሮበታል። አንድ ቀን በጉባኤ ሳሉ አባቶች ሊፈትኑት ፈልገው ይህ ኢትዮጵያዊ ወደ መካከላቸው ለምን እንደሚመጣ እርሱ እየሰማ ተናገሩ። እርሱም ዝም አለ። በኋላ ልቡ ታውኮ እንደ ሆነ ቢጠይቁት መታወኩን አልደበቀም፤ ታውኮ ሳለ ግን አልተናገረም። ይህን ቃል እንወደዋለን። ቅዱሳን ስድብ የማይሰማቸው ድንጋዮች ይመስሉናልና። እርሱ ግን ተሰምቶታል። በውሻ ጩኸት የተነሣ በሙላት ወንዝ የዋኘው ያ ቁጣ አልሞተም ነበር ማለት ነው፤ አስሮ ያዘው እንጂ። ማዕረገ ክህነት በተቀበለ ጊዜም ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወዶ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ እንዲያስወጡት አዘዘ። እነርሱም ሰድበው አስወጡት፤ የሚለውን ለመስማትም ተከተሉት። ሲሄድ የሰሙት ራሱን ሲወቅስ ብቻ ነበር። በመልኩ ምክንያት ሰውን እንዲህ መፈተን ዛሬ ለእኛ ከባድ ሆኖ ይሰማናል፤ የጻፍነው እንደ ተቀበልነው ነው።

በአንድ ወቅት ደግሞ አንድ ሹም ዝናውን ሰምቶ ሊያየው ወደ አስቄጥስ መጣ። አባ ሙሴ ይህን ሲሰማ ከበዓቱ ወጥቶ ሸሸ። በመንገድ ከሹሙ ሰዎች ጋር ተገናኘና የአባ ሙሴ በዓት የት እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም ያ ሰው ሞኝ ስለ ሆነ ምንም እንደማይጠቅማቸው ነገራቸው። ሹሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሰማውን ሲናገር ካህናቱ አዘኑ፤ ቅዱሱን የሚሰድብ ይህ ሽማግሌ ማን ነው ብለው መልኩን ጠየቁ። ረጅም፣ ጥቁር፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ ሲባሉ ራሱ አባ ሙሴ መሆኑን ዐወቁ። በአስቄጥስ አባ ሙሴ ያማው ሰው ቢኖር ራሱን ነው።

ሌላውንማ ማማት ቀርቶ፣ ለፍርድ ተጠርቶ እንኳ እሺ አላለም። አንድ ወንድም በደል ተገኝቶበት ጉባኤ ተሰበሰበ። አባ ሙሴ ተጠራ፤ አልመጣም። ካህኑ ሁሉም እየጠበቁት መሆኑን ልኮ በድጋሚ ሲያስጠራው ተነሣ። በአንዱ ቅጂ የሚያፈስ ማሰሮ ውኃ ሞልቶ፣ በሌላው ቅጂ ደግሞ ቀዳዳ ባለው ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ሊቀበሉት የወጡት አባቶች ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። የራሱ ኀጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ እንደማያየው፣ ሆኖም በዚያ ቀን በሌላው በደል ላይ ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ጉባኤው ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ለወንድምየው ይቅርታ አደረጉለት። አባ ሙሴ ለአባ ጴሜን በላከው ምክር ውስጥም ይኸው ሐሳብ አለ። መነኩሴ በጎረቤቱ ላይ ላለመፍረድ ለእርሱ እንደ ሞተ ሰው ሊሆን እንደሚገባ ያስተምራል፤ በገዛ ቤቱ ሬሳ አጋድሞ ለጎረቤት ሬሳ ሊያለቅስ የሚሄደውንም እንደ ሰነፍ ይቆጥረዋል። ለቅሶ ቤት በማይቀርበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህን ምሳሌ ለመረዳት አስተማሪ አያሻንም።

ወደ በዓቱ ሌቦች የመጡበትን ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። አራት ሌቦች ማን መሆኑን ሳያውቁ ገቡበት። ጉልበቱ ገና አልከዳውም ነበርና አራቱንም አስሮ እንደ ጭድ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ማንንም መጉዳት ለእርሱ ስለማይገባ ምን እንደሚያደርጋቸው አባቶችን ጠየቀ። ሌቦቹ በዘመኑ ስሙ የገነነው ወንበዴ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ራሳቸው ዓለምን ትተው መነኰሱ። እንግዲህ የቀድሞ ስሙ እስከ በረሃው ድረስ ተከትሎት ነበር። ሰዎች ስለ ትናንት ሕይወቱ ቢያወሩ ሐሰት ነው ማለት አይችልም። ንስሓ የገባን ሰው ዛሬም የሚያስቸግረው የዚህ ዓይነቱ ወሬ ነው፤ ከመጠጥ የተመለሰውን ወንድም ሰካራሙ እያሉ መጥራት በሰፈራችን የተለመደ ነው። አባ ሙሴ ስሙን ለማጽዳት ከማንም ጋር አልተከራከረም። አራቱ ሌቦች የተመለሱት ግን በዚያው በክፉ ስሙ ምክንያት ነው።

እንግዳ መቀበሉንም እስከ መጨረሻው አልተወም። ጴጥራ በተባለው ውኃ በሌለበት ስፍራ ሲኖር አባቶች መጡበት። የነበረችውን ጥቂት ውኃ ምስር ሊቀቅልላቸው ጨረሳት። ከዚያም ተጨንቆ ከበዓቱ ይወጣ ይገባ ጀመር፤ ዝናም ዘንሞ ጕድጓዶቹ እስኪሞሉ ድረስ። እንግዶቹ መውጣት መግባቱ ስለ ምን እንደ ነበር ቢጠይቁት፣ ወደዚህ ስፍራ ያመጣው እግዚአብሔር ለባሪያዎቹ ውኃ እንዲሰጥ እየተሟገተው እንደ ነበር ነገራቸው።

ዕድሜው ወደ 75 ዓመት ሲሆን በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አረመኔዎች በአስቄጥስ ላይ ሊዘምቱ መምጣታቸውን ለወንድሞች አስታወቀ፤ እንዲሸሹም መከራቸው። እርሱ ስለ ምን እንደማይሸሽ ሲጠይቁት ይህን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቀው እንደ ኖረ ነገራቸው፤ ጌታ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች የተናገረው ሊፈጸምበት ይገባልና። አብረውት የነበሩ ወንድሞችም ከእርሱ ሊለዩ አልወደዱም። አረመኔዎቹ ደረሱና ገደሏቸው። አንዱ ወንድም ፈርቶ በሰሌን ገመድ ክምር ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ሰባት አክሊሎች ሲወርዱ አየ።

ጰላድዮስ አባ ሙሴ ካህን ሆኖ እንዳረፈና 70 ደቀ መዛሙርት እንደ ተወ ጽፏል። ዐፅሙ ዛሬ በግብፅ በዋዲ ናጥሩን በባራሞስ ገዳም ይገኛል። ስንክሳሩ የሚነበበው ሰኔ 24 ቀን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።